ካርቦን፣ ኩሽኔታ፣ ጥርስ

ቡራዩ አሸዋ ሜዳ ላይ በርና መስኮት የሚሠራ ብየዳ ቤት ግራይንደሩ ከቆመ የብየዳ ማሽኑ ደኅና መሆን ብዙም አይጠቅመውም። ላሜራው የሚቆረጠው፣ የተበየደው የሚላገው፣ ዝገቱ የሚጠረገው በዚያችው በእጅ በምትያዝ መሣሪያ ነው። ዓለም ገና ላይ ቁም ሣጥን የሚሠራው አናጺ ያለ ድሪሉ፣ ሱሉልታ ላይ ቤት የሚያስጨርሰው ኤሌክትሪሺያን ያለ ሐመር ድሪሉ እንዲሁ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል።

ከእነዚህ መሣሪያዎች ብዙዎቹ አዲስ ከካርቶን የወጡ አይደሉም። ሥራውን ከዘጋ ጎረቤት፣ ፕሮጀክት ከጨረሰ ኮንትራክተር፣ ከአሜሪካ ወይም ከዱባይ ከመጣ ዘመድ ሻንጣ፣ ካልሆነም ከምናለሽ ተራ የተገኙ ናቸው። መመሪያ ወረቀት የላቸውም፤ ዋስትና የሚባል ነገር የላቸውም፤ አንዳንዶቹማ የስም ሰሌዳቸው ተፍቆ ማን እንደሠራቸው እንኳ አይታወቅም።

ሲበላሹ የተለመደው መንገድ አንድ ነው፤ ፌስታል ውስጥ ከትቶ ወደ መርካቶ። ከቡራዩ በአስኮ፣ ከሰበታ በአየር ጤና፣ ከሱሉልታ እንጦጦን ተሻግሮ በአዲሱ ገበያ። የሚቆጨው የታክሲው ሒሳብ ሳይሆን የሄደው ቀን ነው። ሦስቱ ከተሞች ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ሸገር ከተማ በሚባል አንድ አስተዳደር ሥር ቢጠቃለሉም፣ ለመለዋወጫ ግን ዋና ከተማቸው ዛሬም መርካቶ ነው። መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኢትዮ-ጅቡቲ የባቡር ሐዲድ መነሻው ሰበታ መሆኑን ያስታወሰ ሰው ፈገግ ሊል ይችላል። በጅቡቲ ወደብ የገባች አንዲት የሞተር ካርቦን ሰበታ የምትደርሰው መርካቶ ገብታ፣ በችርቻሮ ተሸጣ፣ በሚኒባስ ተመልሳ ነው።

ስለዚህ ቀኑን ከማቃጠል በፊት መመለስ ያለበት ጥያቄ አለ። የተበላሸው ዕቃ የዓለም ሁሉ ነው ወይስ የዚያ ፋብሪካ ብቻ? በአንድ ግራይንደር ውስጥ ሁለቱም ዓይነት አሉ። የመጀመሪያው ዓይነት ከሆነ የማሽኑ ስም ቢጠፋም ግድ የለም፤ ቁጥሩን ወይም ልኩን ይዞ መሄድ ይበቃል። ሁለተኛው ከሆነ ደግሞ ትክክለኛውን ሞዴል ካላገኙ በቀር መርካቶን ዙሪያውን ቢዞሩት ትርፉ ድካም ነው።

ለመለየት ግን ውስጡን ማወቅ ይጠይቃል። ገመድ ያላቸው ግራይንደሮች፣ ድሪሎችና የእንጨት መጋዞች ከሞላ ጎደል ሁሉም ዩኒቨርሳል የሚባል ሞተር ነው ያላቸው። የውኃ ፓምፕ ወይም የወፍጮ ሞተር በእኛ 50 ኸርዝ መብራት በደቂቃ ከ3,000 ዙር አያልፍም፤ ትንሿ ግራይንደር ግን እስከ 11,000 ዙር ትሽከረከራለች። ይህንን ፍጥነት በዚያች ክብደት ማግኘት የተቻለው መብራቱ በቆመው ጥቅል፣ ማለትም በፊልዱ በኩል አልፎ፣ በሚዞረው ጥቅል በአርማቹሩም እንዲያልፍ በመደረጉ ነው። በሚዞር ነገር ላይ ሽቦ መበየድ ስለማይቻል ግንኙነቱ የሚፈጠረው በመፋተግ ነው። ሁለት ትንንሽ ካርቦኖች በሞላ እየተገፉ አርማቹሩ ጫፍ ላይ ካለው የመዳብ ቀለበት ጋር ይፋተጋሉ። እየተፋተጉም ያልቃሉ። እንዲያልቁ ሆነው ነው የተሠሩት፤ እነሱ ባያልቁ መዳቡ ነበር የሚያልቀው።

ያገለገለ መሣሪያ ገዝቶ መጀመሪያ ካርቦኑን አለማየት ከስንፍና ይቆጠራል። በብዙዎቹ መሣሪያዎች ከጎንና ከጎን ሁለት ጥቁር ክዳኖች አሉ፤ በካቻቢቴ ይፈታሉ፤ ካርቦኑ በሞላው ተገፍቶ ይወጣል። ወደ 5 ሚሊሜትር ከወረደ ጊዜው አልፏል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚከስርበት ነገር አለ። አንዳንድ ካርቦኖች በውስጣቸው በሞላ የምትገፋ መብራት የማታስተላልፍ ነገር የተቀበረባቸው ናቸው። ካርቦኑ ሲያልቅ ያቺ ብቅ ብላ ካርቦኑን ከመዳቡ ታርቅና መብራቱን ትቆርጣለች። ማሽኑ ያለ ጭስ፣ ያለ ሽታ፣ በሥራ መሐል ድንገት ይሞታል። ባለቤቱ «ሞተሩ ተቃጠለ» ብሎ በቁራጭ ብረት ዋጋ ይሸጠዋል፤ ገዢው ሁለት ካርቦን ከትቶ ሥራውን ይቀጥላል። «የተቃጠለ» የተባለ ማሽን አፍንጫን አስጠግቶ ማሽተት ቢያስቅም ያዋጣል። የተቃጠለ ጥቅል ሽታው ወራት ቢያልፉም አይለቅም፤ ሽታ የሌለው «ሬሳ» ብዙ ጊዜ ሬሳ አይደለም።

ካርቦን ሲገዛ ልኩ ሦስት ነው፤ ውፍረት፣ ስፋት፣ ርዝመት፣ በሚሊሜትር። ማኪታ ሥራውን አቅሎታል። ካርቦኖቹ ላይ ሲቢ ብሎ የሚጀምር ቁጥር ታትሟል፤ ሲቢ 325፣ ሲቢ 459 እያለ ይሄዳል። ለባለ ሱቁ ቁጥሩን መናገር ይበቃል። ቁጥር ከሌለው አሮጌውን ይዞ መሄድ ግድ ነው፤ ያውም ከነሞላውና ከነጫፉ፣ ምክንያቱም ልኩ ገጥሞ ጫፉ ካልገጠመ አይሠራም። ትክክለኛው ልክ ከጠፋ ትንሽ ከፍ ያለውን ገዝቶ በጠፍጣፋ ሞረድ ወይም በብርጭቆ ወረቀት እኩል አድርጎ ማሳነስ ይቻላል፤ በመያዣው ውስጥ ሳይላወስና ሳይጣበቅ መንሸራተት አለበት። አነስ ያለውን ወረቀት ጠቅጥቆ መክተት ግን ጦሱ ለመዳቡ ይተርፋል።

ሶማሌ ተራ የመኪና ዕቃ ደጅ ላይ የቆመ ሰው የሚፈተንበት ፈተናም አለ። የመኪና ሞተሪኖ ካርቦን ርካሽ ነው፣ በየሱቁ ሞልቷል፣ ለመሞረድም ይመቻል። ለ220 ቮልት መሣሪያ ግን አይሆንም። በ12 ቮልት ብዙ ከረንት እንዲያሳልፍ በውስጡ ብዙ መዳብ የተቀላቀለበት ነው፤ ግራይንደር ውስጥ ሲገባ ብልጭታው ይበዛና የአርማቹሩን ቀለበት ይበላዋል። የድንጋይ ባትሪ እምብርት ሞርዶ የሚሞክርም አይታጣም፤ ሥራ አስጨርሶ ይሆናል፣ ግን ጥንድ ካርቦን ለመቆጠብ አርማቹር ማጣት ሒሳቡ አይገባኝም።

አዲስ ካርቦን ከገባ በኋላ መጀመሪያ ማሽኑን ያለ ሥራ ለጥቂት ደቂቃ ማስኬድ ነው፤ ፊቱ ከቀለበቱ ክብነት ጋር እስኪላመድ። በአየር መግቢያው በኩል አጮልቆ ሲታይ ትንንሽ ሰማያዊ ብልጭታ ችግር የለውም። ቀለበቱን የሚዞር የእሳት ክብ ከታየ ግን የታመመው አርማቹሩ ነው፤ ስንት ካርቦን ቢቀየር አይድንም።

ካርቦኖችን ካነሣን አይቀር ከዓለም ታሪክ አንድ ነገር ልጨምር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከፍ ብለው የሚበሩ አውሮፕላኖች የጄኔሬተር ካርቦናቸው ባጭር ጊዜ እየተፈጨ ዱቄት ይሆን ነበር። ሲመረመር፣ ካርቦን ያለ ብዙ ፍትጊያ እንዲንሸራተት የሚረዳው በአየር ውስጥ ያለው እርጥበት ሆኖ ተገኘ፤ እዚያ ላይ ያለው አየር ደግሞ ሳስቶ ደርቋል። ሱሉልታ አውሮፕላን የሚበርበት ከፍታ ላይ አይደለችምና ለዚህ የሚያሰጋ ነገር የለም። የሚያሰጋው ሌላ ነው። ሞተሮች በዓለም አቀፉ ደረጃ አቅማቸው የሚለካው እስከ 1,000 ሜትር ከፍታ ላለ አየር ነው። ከ2,500 ሜትር በላይ አየሩ ከባሕር ጠለሉ ከአንድ አምስተኛ በላይ የሳሳ ስለሆነ፣ የማሽኑ ማራገቢያ ያንኑ ያህል ቢዞርም የሚወስደው ሙቀት ያንሳል። በላዩ ላይ ማታ መብራቱ ደክሞ ሲመጣ ሠራተኛው ጉልበቱን ያክልበታል፣ ዙሩ ይወርዳል፣ ማራገቢያውም አብሮ ይደክማል፣ ጥቅሉ ይግላል። ደጋ ላይ ማሽን አይግልም የሚለው እምነት ከብርዱ የመጣ ነው። ማሽኑን የሚያሳርፈው ጫናውን ቀንሶ በየመሐሉ ያለ ሥራ ማዞር ነው።

ወደ ኩሽኔታ እንምጣ። ላገለገለ ማሽን ባለቤት ከዚህ የተሻለ ደግ ዕቃ የለም። እ.አ.አ. በ1907 ስዌን ዊንግክዊስት የተባለ ስዊድናዊ መሐንዲስ፣ በጎተንበርግ በሚሠራበት የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ዘንጎቹ ከመስመር እየወጡ ኩሽኔታ እየፈጁ ስላስቸገሩት፣ ራሱን የሚያስተካክል ኩሽኔታ ፈለሰፈና ኤስኬኤፍ የተባለውን ኩባንያ መሠረተ። ከዚያ በኋላ በመጡት አሥርት ዓመታት የኩሽኔታ ልኮች በዓለም አቀፍ ደረጃ አንድ ሆኑ። ስለዚህ ጎኑ ላይ 6201 የሚል ኩሽኔታ ከጃፓን ይምጣ ከስሎቫኪያ፣ ከቻይና ይምጣ ከሕንድ፣ የውስጥ ቀዳዳው 12፣ ውጭው 32፣ ውፍረቱ 10 ሚሊሜትር ነው። ሌላ ሊሆን አይችልም። 6000 ከሆነ 10 በ26 በ8፤ 6200 ከሆነ 10 በ30 በ9። መጨረሻ ላይ ያሉት ሁለት ቁጥሮች የቀዳዳው ምልክት ናቸው፤ 00 ማለት 10፣ 01 ማለት 12፣ 02 ማለት 15፣ 03 ማለት 17 ሚሊሜትር፣ ከ04 ጀምሮ ደግሞ በ5 ማባዛት ነው። ሰው በመታወቂያው እንደሚለይ ኩሽኔታም በዚህ ቁጥሩ ይለያል፤ የማሽኑን ስም የሚጠይቅ የለም።

እናም ለኩሽኔታ ግራይንደሩን ተሸክሞ መርካቶ መሄድ ትርፍ ድካም ነው። ሞተር ሳይክልና ባጃጅ የሚጠገንበት፣ የውኃ ፓምፕ የሚሠራበት ቦታ ሁሉ ከእነዚህ ቁጥሮች ጥቂቶቹ አይጠፉም፤ ይህ ደግሞ በሦስቱም ከተሞች አለ። ጥንቃቄ የሚያሻው በትንንሾቹ ላይ ነው። 608 እና 627 ውጫቸው 22፣ ውፍረታቸው 7 ነው፤ ጎን ለጎን ሲቀመጡ መንታ ይመስላሉ። ልዩነታቸው ቀዳዳው ነው፤ አንዱ 8፣ ሌላው 7 ሚሊሜትር። «ያው ነው ወንድሜ፣ ይገባል» የሚል ሻጭ ቢያጋጥም ቁጥሩን አንብቦ መመለስ ነው። ከቁጥሩ ቀጥሎ ያሉት ፊደሎችም ነገር አላቸው። ዜድዜድ የሚለው በሁለቱም ጎን በቀጭን ብረት የተሸፈነ ነው፤ 2አርኤስ የሚለው በጎማ የታሸገ። የብረት ብናኝ ሲጠጣ ለሚውል ግራይንደር ጎማው ይሻላል።

ፎርጅዱ ግን በዚህም ገበያ አለ። በታወቁ ስሞች የሚሸጡ ተመሳስለው የተሠሩ ኩሽኔታዎች የዓለም ሁሉ ችግር ናቸው። በጋሪ ጎማ ላይ ዓመት የሚቆይ ፎርጅድ በ11,000 ዙር አንድ ሳምንት ላይቆይ ይችላል። በማሸጊያው ላይ ያለው ጽሑፍ የደበዘዘ፣ ቀለበቱ ላይ ያለው ቁጥር የተዛነፈ፣ ዋጋው ከሌሎቹ በጣም የወረደ ከሆነ ስም ሳይኖረው በሐቅ ከሚሸጠው የቻይና ኩሽኔታ ይብሳል። ሲገጠምም ኃይሉ የሚያርፈው በውስጠኛው ቀለበት ላይ ብቻ መሆን አለበት፤ ልኩ የሆነ ቧንቧ ደግፎ ቀስ ብሎ መምታት። ውጪውን በመዶሻ የተመታ አዲስ ኩሽኔታ ከመጀመሪያዋ ቀን ጀምሮ ይጮሃል።

ገመድ፣ ሶኬት፣ ቡሎን እዚያው ሰፈር ይገኛሉና አልዘገይባቸውም። ማብሪያው በሁለቱ ዓይነቶች መሐል ነው፤ ቅርፁ ከእጀታው ጋር ካልገጠመ አይቀመጥም፣ ግን ብዙ ፋብሪካዎች አንድ ዓይነት ማብሪያ ስለሚጠቀሙ ፎቶ ይዞ መፈለግ ያዋጣል።

ጥርሱ ላይ ሲደረስ ነገሩ ይለወጣል። በግራይንደር ራስ ውስጥ ያሉት ሁለት ጥርሶች ጠመዝማዛ ናቸው፤ የጥርሱ ቁጥር፣ ዘንበል ያለበት ማዕዘን፣ የመጠኑ ልክ ለዚያ ሞዴል ብቻ ተሰልቶ ነው የተሠራው። ቶርኖ ቤት ወስዶ «ቅረጽልኝ» ማለት አይሠራም። ጎበዝ ቶርኖ ሠራተኛ ዘንግ ያወጣል፣ ዲስክ የሚያጠብቀውን ነት ያወጣል፣ የተበላ የኩሽኔታ ቤት ሞልቶ ያስተካክላል፤ ጠመዝማዛ ጥርስ ግን ልዩ ማሽን ይጠይቃል። ጥርሶቹ እርስ በርስ ተላምደው ስለሚበላሉ አንዱን ብቻ መቀየርም ብዙ አያስኬድም፤ በጥንድ ነው የሚገዙት። አርማቹርም እንዲሁ የአንድ ሞዴል ነው። ፓምፕ የሚጠቀልሉ ባለሙያዎች ፊልዱን በደንብ ይጠቀልሉታል። አርማቹሩ ላይ ግን ሽቦው እንደ ፀጉር የቀጠነ ነው፣ ቫርኒሹ በደንብ ካልደረቀ በፍጥነቱ ሽቦው ይበተናል፣ ሚዛኑ በትንሹ ከተዛባም ማሽኑ እጅ ያንቀጠቅጣል፣ ኩሽኔታ ይጨርሳል። የተጠቀለለ አርማቹር ለትልቅ ማሽን ያዋጣ ይሆናል፤ ለትንሿ ግራይንደር ተመሳሳይ ሞዴል የሞተ ማሽን ፈልጎ ከዚያ መንቀል ይሻላል ባይ ነኝ።

ስለዚህ ከጥርስና ከአርማቹር ጋር ስም መጣ። ስም ሲባል በቀፎው ላይ በትልቁ የተጻፈው ማለቴ አይደለም፤ ትንሿ ሰሌዳ ላይ ያለው የሞዴል ቁጥር ነው። ቦሽ አሥር አሃዝ ቁጥር አለው፤ በ0 601 ወይም በ0 611 የሚጀምረው ሰማያዊው የባለሙያ፣ በ0 603 የሚጀምረው አረንጓዴው የቤት ነው። የሁለቱ ዕቃ አይወራረስም፤ ቢመሳሰልም። የባለቤትነት ለውጥም ያደናግራል። በየብየዳ ቤቱ የምናያቸው ሂታቺ መሣሪያዎች ስማቸው እ.አ.አ. ከ2018 ጀምሮ ሃይኮኪ ሆኗል፤ ሰሜን አሜሪካ ደግሞ ሜታቦ ኤችፒቲ ተብለው ይሸጣሉ። ከዲትሮይት የመጣ ሜታቦ ኤችፒቲና መርካቶ የተገዛ አሮጌ ሂታቺ ወንድማማች ሊሆኑ ይችላሉ። «የዚህ ዕቃ የለም» ያለ ሻጭ አይዋሽም፤ የሚያውቀው በሌላኛው ስሙ ነው።

ከዚህ የሚቀጥለው የቻይና ቅጂ ነው። የቻይና ፋብሪካዎች አንዳንድ የታወቁ ሞዴሎችን፣ ለምሳሌ የቦሽን ጂቢኤች 2-26 እና የማኪታን ኤችአር 2470 ሐመር ድሪሎች፣ ደጋግመው ቀድተዋል። ስለዚህ የእነዚህ ጥርስ፣ ፒስተንና አርማቹር ከማንኛውም ሞዴል በላይ በገበያ ይገኛል፤ ቅጂው ለኦሪጅናሉ፣ አንዳንዴም ኦሪጅናሉ ለቅጂው ይሆናል። ያገለገለ መሣሪያ ስገዛ የምመርጠው ከሁሉ የጠነከረውን ሳይሆን ብዙ ሰው እጅ ላይ ያለውን ነው። ስሙ ያልተሰማ ግሩም የጀርመን ማሽን ጥርሱ ከተሰበረ ዕጣው መደርደሪያ ላይ መቀመጥ ነው።

ከአሜሪካ የመጣ መሣሪያ ራሱን የቻለ ጉዳይ አለው። እዚያ መብራቱ 120 ቮልት ነው፤ በእኛ 220 ላይ በቀጥታ ሲሰካ ለአፍታ ከልክ በላይ ይጮህና ይነዳል። 60 ኸርዙ ለዩኒቨርሳል ሞተር ችግር አይደለም፤ ቮልቱ ነው የሚገድለው። 1,000 ዋት ለሚወስድ ግራይንደር ቢያንስ 1,500 ዋት የሚችል የመዳብ ትራንስፎርመር ያስፈልጋል፤ ለፀጉር ማድረቂያ የሚሸጠው ቀላሉ ማቀያየሪያ አይደለም። ሌላው ዲስኩ የሚታሰርበት ዘንግ ነው። የእኛ ገበያ ዲስክ ማሰሪያ ነቶች 14 ሚሊሜትር ጥርስ ያላቸው ናቸው፤ የአሜሪካው አምስት ስምንተኛ ኢንች፣ ማለትም 16 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ነቱ ከጠፋ እዚህ በቀላሉ አይተካም፤ ያኔ ቶርኖ ቤት ይሠራል። የባትሪ መሣሪያ ለሚያመጣ ዘመድ ደግሞ ቀድሞ መንገር ነው፤ ትርፍ ሊቲየም ባትሪ በአውሮፕላን በእጅ ሻንጣ እንጂ በሚጫነው ውስጥ አይሄድም፣ 100 ዋት-ሰዓት የሚያልፈውም የአየር መንገዱን ፈቃድ ይጠይቃል። ባለ 18 ቮልት 5 አምፔር-ሰዓቱ 90 ስለሆነ ያልፋል። እዚያው «20 ቮልት» ተብሎ የሚሸጠውም ውስጡ ያው አምስት ሴል ነው። ያረጀውን ባትሪ ከላፕቶፕ በተነቀለ ሴል መሙላት የሚያጓጓ ቢሆንም፣ የላፕቶፕ ሴል ድሪል የሚጠይቀውን ከረንት ለመስጠት አልተሠራም፤ ይግላል፣ እሳትም ያስነሣል።

ይህንን ሁሉ ከለየ በኋላ ነው እንግዲህ መርካቶ። ከመሄድ በፊት የሰሌዳውንና የተሰበረውን ዕቃ ፎቶ ከማስመሪያ ጋር አንሥቶ በቴሌግራም ለሚያውቁት ነጋዴ መላክ ቀኑን ያድናል። ምናለሽ ተራ የሚደረሰው መጨረሻ ላይ ነው። ከየሰፈሩ «ቆራሌው!» እያሉ የሚሰበስቡት ልጆች ያመጡት ሁሉ እዚያ ይፈታል፤ የሞተ ግራይንደር ራስ፣ የተሰነጠቀ ቀፎ፣ ደኅና ጥርስ። ዕድል ቢያስፈልግም፣ ሞዴሉን የያዘና የተሰበረውን ዕቃ በእጁ የያዘ ሰው ዕድሉ ይሰፋል።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪን ለገበያ ከለቀቀ ወዲህ የሒሳቡ ሚዛን ወደ ጥገናው አዘንብሏል። ያን ጊዜ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት 100 ብር ሲያልፍ አዲሱ ማሽንም መለዋወጫውም አብረው ወጡ፤ ግን የአሮጌው ማሽን ጥርስ የተገዛው በድሮ ዶላር ነው። ለዚህም ነው «የተቃጠለ» ማሽን ዋጋ ቀድሞ ከነበረው በላይ የሚጠራው፣ ሻጩም ካርቦኑን ሲፈቱበት ፊቱን የሚያጠቁረው።

«ጋሼ፣ ክዳኑን ልፍታው?»

«ምን ታየዋለህ፣ ይሠራል አልኩህ እኮ።»

አይፈታም ካለ ዋጋውን ጥርሱ ሞቷል፣ አርማቹሩም ሞቷል ብሎ አስልቶ መጥራት ነው። ከፈቀደ ካርቦኑን ማየት፣ ሳይሰኩ ዘንጉን በእጅ ማዞርና ወደ ጎን መነቅነቅ፣ ከዚያ ሰክቶ ጨለም ባለ ጥግ ብልጭታውን ማየት። ዘንጉ ከተንገዳገደ ኩሽኔታ ነው፣ ቁጥሩን አንብቦ ዋጋ ማስቀነስ። ሲዞር ጥርሱ ከተንጓጓ ሞዴሉን ጽፎ፣ ዕቃው መኖሩን ለነጋዴው ደውሎ ካረጋገጡ በኋላ ነው ኪስ የሚገባው።